«ሳይወድ በግድ» ወይስ «ቅር እያለው»? ያለመፈለግን ቃል ስንመርጥ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ ሱቄ መጣች። ሱቄ ፍኖተ ሰላም ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል አዘጋጃለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ የከበዳቸው ልጆችም ብቅ ይላሉ። እሷን ያስቸገራት አንድ ቃል ነው፤ «ሪላክታንትሊ»። ስልኳ «ሳይወድ በግድ» ብሎ ፈቶላታል። እሷም ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ተርጉማዋለች፦ «መጽሐፉን ሳይወድ በግድ ለጓደኛው አዋሰው።»

«ማን አስገደደው?» አልኳት።

«ማንም» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ጓደኛው ለመነው እንጂ» አለች።

ከለመነው አላስገደደውም። እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። ልጅቷ የጻፈችው አማርኛ አንድም የሰዋስው ስህተት የለበትም። ግን ያልተደረገ ነገር ያወራል። ሳነበው አንድ ልጅ እጁን ተጠምዝዞ መጽሐፉን ሲቀማ ነው የታየኝ።

ችግሩ የእሷ ብቻ አይደለም። በትርጉም ሥራ፣ በዜና፣ በተማሪ ድርሰት «ሳይወድ በግድ» በማይገባበት ሁሉ ገብቶ አየዋለሁ። ሐረጉ በቦታው ሲሆን ግሩም ነው። የሚያሳዝነኝ ጎረቤቶቹ መረሳታቸው ነው።

አማርኛ ንጹሕ ተውሳከ ግስ ብዙ የለውም። «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ»፣ «ምንኛ» እያሉ ቢቆጥሩት ብዙም ሳይሄድ ያልቃል። የቀረውን ሥራ የሚሠሩት ግሶች ናቸው፦ «እያመነታ»፣ «ሳይወድ»፣ «ቅር እያለው»። ስለዚህ ያለመፈለግን ቃል ስንመርጥ ሰውየው ያን ጊዜ ምን እየሆነ እንደነበር መምረጣችን ነው። እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። እምቢታው የት ነበር? ከውጭ የመጣ ጉልበት ፊት ነው? ሆድ ውስጥ ነው? አንገትና እግር ላይ ነው? ወይስ አፍ ላይ ብቻ?

ጉልበት ሲኖር

«ሳይወድ በግድ» ሁለት ግማሽ አለው። «ሳይወድ» ስለ ልብ ይናገራል፣ «በግድ» ስለ ጉልበት። ሁለቱም እውነት መሆን አለባቸው። ጉልበቱ የሰው ላይሆን ይችላል። ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ቢዘጋብን «ሳንወድ በግድ እዚያው አደርን» እንላለን። ሌላ መውጫ አልነበረንም። መውጫ ከነበረ ግን «በግድ» የሚለው መውጣት አለበት።

ይህን የተማርኩት በሰው ጉዳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። «የመከላከያ መልስ ጻፍልኝ ልጄ» አሉኝ። ለእህታቸው ባል ዋስ ሆነው ፈርመዋል። ተበዳሪው አልከፈለም፤ አበዳሪው እሳቸውን ከሰሰ። «እንዴት ፈረሙ አባቴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ ሳልወድ በግድ ነው» አሉኝ። እኔም እንዳሉኝ ጻፍኩት፦ «ሳልወድ በግድ የፈረምኩ ስለሆነ…»

ይህ ቃል ፍርድ ቤት ሲገባ ይከብዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1696 መገደድን ውል ከሚያፈርሱ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። መገደድ ምን እንደሆነ ደግሞ አንቀጽ 1706 ይናገራል። በራስ፣ በትዳር ጓደኛ፣ በወላጅ ወይም በተወላጅ ሕይወት፣ አካል፣ ክብር ወይም ንብረት ላይ ከባድና ቅርብ አደጋ እንደመጣ አስተዋይ ሰውን የሚያሳምን ነገር መኖር አለበት። እኔ በሁለት ቃል ይህን ሁሉ ተከራክሬላቸው ኖሯል።

«ማን አስገደደዎት?» ተብለው ተጠየቁ። ሽማግሌው መዋሸት አያውቁበትም። «ኧረ ማንም አላስገደደኝም ጌታዬ። የእህቴ ባል ነው፣ እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ? ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

ክርክሩ እዚያው አለቀ። ይሉኝታ ግድ አይደለም። ሕጉም ልዩነቱን ያውቀዋል። አንቀጽ 1709 ወላጅን ወይም አለቃን ከማክበር የሚመጣ ፍርሃት ውል እንደማያፈርስ ይናገራል። የተፈራው ሰው ራሱ ተዋዋይ ሆኖ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ያገኘ እንደሆነ ብቻ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሽማግሌው ደግሞ ዋስትናው ይፍረስልኝ ማለታቸው እንኳ አልነበረም። በርበሬያቸውን እየሸጡ በየመከሩ ከፍለው እንዲጨርሱ ጊዜ ነበር የፈለጉት። ይህንኑ ከመጀመሪያው ብጽፍላቸው ኖሮ ስንት ምልልስ በቀረላቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ «ሳልወድ በግድ» ያለኝን ሰው ሁሉ «ማን? በምን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስም ከመጣ፣ ዛቻ ከመጣ «ተገድጄ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ቀኑንና ቦታውን አስከትላለሁ። «ኧረ እንዲያው ነው» ካለኝ «ይሉኝታ ይዞኝ» ወይም «ፊት መንሳት ከብዶኝ» እላለሁ። እነዚህ ሁለቱ የእኛን ኑሮ በደንብ የሚያውቁ ቃላት ናቸው። የሚያስገድድ ሰው የለም፤ ግን ነገ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ፣ ወፍጮ ቤት የምንገናኘው ሰው አለ።

ትዳር ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው ይላል። «ሳትወድ በግድ ተዳረች» ብሎ የጻፈ ሰው ከባድ ክስ እየጻፈ ነው። እውነት ከሆነ ሳያለሳልስ ይጻፈው። ነገር ግን በሠርጓ ቀን እናቷን አቅፋ ያለቀሰች ሙሽራ ሁሉ ተገድዳ አይደለም። እሷ የሄደችው «ሆዷ እየባባ» ነው።

ስለ አጻጻፉም ልጨምር። «ሳይወድ» ከሰው ጋር ይዞራል፤ «በግድ» አይንቀሳቀስም። ሳልወድ፣ ሳትወድ፣ ሳትወጂ፣ ሳንወድ፣ ሳይወዱ። መዝገበ ቃላት «ሳይወድ» ላይ ስለሚያቆም «ሳይወድ በግድ ሄድኩ» የሚል ተማሪ አጋጥሞኛል። «ሳልወድ» ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። «ልጁን ሳይወድ በግድ ዳረው» ሲባል ያልወደደው ማን ነው? አባትየው ወይስ ልጁ? ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ይሸከማል። ሴት ልጅ ብትሆን «ሳትወድ በግድ ዳራት» ብሎ በራሱ ይለይ ነበር። ለወንድ ግን ባለቤቱን አውጥቶ መጻፍ ይሻላል፦ «ልጁ ሳይወድ አባቱ በግድ ዳረው።»

«በግድ» ለብቻው ሲቆም ደግሞ የአቅም ቃልም ይሆናል። «ታሞ ሰንብቶ ዛሬ በግድ ተነሣ» ስንል ሰውየው መነሣቱን ይፈልገዋል፤ ያጣው ጉልበት ነው። እንዲህ ሲሆን «እንደምንም ተነሣ» ብንል ነገሩ ይጠራል። «እንደምንም» የሚፈልግ ግን የከበደው ሰው ቃል ነው። «የግድ» ከሁለቱም ይለያል። «የግድ መሄድ አለብኝ» ያለ ሰው ደስ ብሎትም ሊሆን ይችላል።

ሆድ ውስጥ ሲቀር

ማንም ሳይጫነን እሺ ብለናል። ውስጣችን ግን አልተዋጠለትም። ይህ «ቅር እያለኝ» ነው። ለስላሳ ቃል ነው፤ ለስላሳ ይሁን እንጂ ቶሎ አይለቅም። ነገሩ ካለፈ ከስንት ጊዜ በኋላ «እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል» የሚል ሰው አለ። አሠራሩንም ልብ በሉ፦ ቅር እያለኝ፣ ቅር እያለሽ፣ ቅር እያላቸው። ስሜቱ ሰውየው ላይ ይመጣበታል እንጂ ሰውየው አያደርገውም። ስለዚህ ማንንም አይወቅስም። ለመሥሪያ ቤት አለቃ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ እንኳ ያለ ችግር ይገባል፦ «ዝውውሩን ቅር እያለኝም ቢሆን ተቀብያለሁ።» «ሳልወድ በግድ ተቀብያለሁ» ብትሉ ግን ጠብ ጀመራችሁ።

«አንጀት ሳይቆርጥ» ከዚህ ይጠልቃል። ከምንወደው ስንለይ የምንናገረው ነው። እኔ ኮሌጅ ስገባ እናቴ ላሟን ሸጠች። አብሬያት ገበያ ወጥቼ ነበር። ገዢው ብሩን ቆጥሮ ሰጣት፤ ተቀበለችው። ገመዱን ግን አልለቀቀችም። ላሚቱ ዓይን ጥግ ላይ ዝንብ ሰፍሮ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ አበሰችላት። ገዢው ቆሞ ጠበቀ። አንድ ጊዜ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው። ኋላ ገመዱን እጁ ላይ አኖረችለትና ዞር ብላ ሳታይ ሄደች።

ይህን «ሳትወድ በግድ ሸጠቻት» ብዬ ብጽፍ እናቴን እበድላታለሁ። ያስገደዳት የለም፤ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት። «ቅር እያላት» ብልም ያንሳል። «አንጀቷ ሳይቆርጥ ሸጠቻት።» ልኩ ይህ ነው።

የትኛው እንደሆነ ካልተለየላችሁ «ደስ ሳይለው» አለ። ብዙ አይናገርም፣ ግን አያሳስትም።

ሲታይ

የሚያመነታ ሰው ገና አልወሰነም። እኔ ቃሉ ውስጥ «መንታ» ይሰማኛል፤ መንታ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይታየኛል። ስለዚህ «እያመነታ» ሁልጊዜ ያለመፈለግ ቃል አይደለም። በጣም የሚፈልግ ሰውም ያመነታል። የሚያቅማማ ሰው ግን ወደ እምቢታ ያዘነብላል፤ ያንንም ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ያይበታል። መልሱን ያጓትታል። «እስቲ» ይላል፣ «እንግዲህ» ይላል፣ ጋቢውን ያስተካክላል።

ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «ከዘመድ ልምከርበት» ብሎ ይመልሳል። «አባትየው እያቅማሙ መለሷቸው» ብንል ያምርበታል። «እያመነቱ» ብንል ሐሳባቸውን ሁለት አደረግነው፤ እሳቸው ግን ምናልባት ከመጀመሪያውም አልወደዱትም።

ማንገራገር የአካል ነው። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ቃል መዝገበ ቃላት ሳያይ ያውቀዋል፤ ወይፈን ሲገራ አይቷል። ወይፈኑ መጀመሪያ ቀን ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል። ቀንበሩ ሲያርፍበት የፊት እግሮቹን ይተክላል። አንገቱን ወደ ጎን ያጣምማል። የለመደው በሬ ይራመዳል፣ ቀንበሩ ይንጋደዳል። ወይፈኑ አንድ እርምጃ ይሄድና እንደገና ይቆማል። አራሹ ይጮሃል፣ ይለምነዋልም። ሲመሽ ትንሽ ታርሷል፤ ትልሙ ግን ጠማማ ነው። ወይፈኑ «እያንገራገረ አረሰ» ማለት ይህ ነው። ሥራው ተሠርቷል፤ እምቢታው ደግሞ መሬቱ ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

ሰውም ያንገራግራል። ክትባት ሊወጋ የሚወሰድ ሕፃን ያንገራግራል። ቤት ልቀቅ የተባለ ተከራይም ያንገራግራል። ቃሉ ትግል ይፈልጋል። የሚገርመው የእንግሊዝኛው «ሪላክታንትሊ» ሥሩ ላቲን ነው፤ ትርጉሙም ተቃውሞ መታገል ነው። በጥንት ትውልዱ የማንገራገር ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ለስልሷል። አብዛኛውን ጊዜ ከ«ቅር እያለው» ወይም ከ«እያቅማማ» ጋር ነው የሚቀራረበው። «ሳይወድ» ለሚለው ይበልጥ የሚቀርበው «አንዊሊንግሊ» የሚሉት ነው። ስለዚህ ተርጓሚ ሆይ፣ ሥሩን አይተህ አትወስን፤ ሰውየው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ እይ።

ማንገራገር በአሉታም ደስ የሚል አጠቃቀም አለው። «ያለ ማንገራገር ከፈለ» ሲባል የፈቃደኝነት ምስክር ይሆናል። ለውል ግን «በገዛ ፈቃዱ» ይበቃል።

አፍ ላይ ብቻ ሲሆን

አሁን ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ቃል ላይ ደረስን። መግደርደር።

እንግዳ መጥቷል። ማዕድ ቀርቧል። «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። «በሞቴ!» ትላለች የቤቱ እመቤት። «ኧረ እውነቴን ነው እትዬ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ይህን እያለ እጅጌውን መሰብሰብ ጀምሯል። የእጅ ውኃ ሲመጣ ሁለት እጁ ተዘርግቷል። «እየተግደረደረ በላ።»

ይህን በ«ሳይወድ» ወይም በ«እያቅማማ» መጻፍ ፈጽሞ ስህተት ነው። ሰውየው ይፈልጋል። እምቢታው ጨዋነቱ ነው። ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉበት አገር፣ የቅኔ አገር ላይ ሆኜ ሳስበው መግደርደር ሰምና ወርቅ ያለው ይመስለኛል። ሰሙ «አይ» ነው፤ ወርቁ «እሺ»። የቤቱ እመቤት ወርቁን ካልፈታችው እንግዳው ተርቦ ይሄዳል። «ሲግደረደሩ ጦም ማደር» የሚባለው ለዚህ ነው። በዚህኛው ወገን ደግሞ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይባላል። ሁለቱ አባባሎች አንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ለእንግዳ ይናገራል፣ አንዱ ለጋባዥ።

ቃሉን ከማዕድ ሲያወጡት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልጃቸውን የተጠየቁትን አባት «እየተግደረደሩ መለሷቸው» ብትሉ አስመሳይ አደረጋችኋቸው። ከዚህም የሚብስ አለ። እምቢ ያለችን ሴት «እየተግደረደረች ነው» የሚሉ ወንዶች ሰምቻለሁ። ይህ ቃሏን መቀማት ነው። ስለ ገበታ ያልሆነ እምቢታ እንደተነገረ ይወሰድ። በእኔ እጅ በሚያልፍ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ቃል በዚህ ቦታ ገብቶ ካገኘሁት አወጣዋለሁ።

የቀሩት

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ምክንያቱ ፍርሃት ከሆነ «ፈራ ተባ እያለ»። ሥራው ራሱ ደስ የማይል ከሆነ «እየቀፈፈው»፤ ጮቄ ተራራ ሥር ሌሊት በብርድ ተነሥቶ ከብት የሚያወጣ እረኛ ይህን ቃል ያውቀዋል። የከተማ ልጆች «እየደበረኝ ሄድኩ» ይላሉ። በስልክ መልእክት ላይ ምንም አይልም፤ ማመልከቻ ላይ ግን አይገባም። አፉ ካላረፈ «እያጉረመረመ» ነው። እሺ እስኪል ብዙ ከተለመነ «በስንት ልመና»፤ እዚህ ላይ ሚዛኑ ወደ ለማኞቹ ድካም ይሄዳል።

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። «ልጁ ለምንድን ነው ማዋስ ያልፈለገው?» አልኳት። ምንባቡን ገልጣ አሳየችኝ። ጓደኛው ከዚህ በፊት የወሰደውን መጽሐፍ ገጹን ቀድዶ ነው የመለሰለት። ይህን ሳያነሣ ነው መጽሐፉን የሰጠው። «በግድ»ን በእስክሪብቶ ሰረዘችው። «ሳይወድ»ንም ሰረዘችው። «መጽሐፉን ቅር እያለው ለጓደኛው አዋሰው» ብላ ጻፈች።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስለ አንድ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ፈተናው በአንድ ቀን ይተላለፍልን ብለው ጠይቀው «ሪላክታንትሊ» ፈቅደውላቸዋል። እኔ ወደ ፎቶ ኮፒው ዞሬ ነበር። ስመለስ «መምህሩ እያቅማሙ ፈቀዱ» ብላ ጽፋ አገኘኋት። አንቱታውንም አልረሳችም።

«ማን አስገደዳቸው?» አልኳት።

«ማንም» አለች፣ «ልጆቹ ናቸው የጨቀጨቋቸው።»